የኮሌጅ ታጋይ ገንዘብ ከየት ይመጣል?

በ2013 ጆኤል ባውማን የተባለ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ታጋይ በገዛ ስሙ ያወጣውን ዘፈን በኢንተርኔት ስለሸጠ ብቻ ለዩኒቨርሲቲው የመታገል መብቱን አጣ። የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት የሚያስተዳድረው ብሔራዊ ማኅበር፣ ሁሉም በምህጻሩ ኤንሲኤኤ የሚለው፣ የተቆጣው በመዝፈኑ አልነበረም፤ ተማሪ ስፖርተኛ ሆኖ ሳለ ስሙንና ምስሉን ገበያ ላይ በማዋሉ ነበር። በሌላ ስም ቢዘፍን ችግሩ ይፈታለት ነበር፤ እሱ ግን ስሜን አልቀይርም አለ። ከስምንት ዓመት በኋላ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሚታገለው ጌብል ስቲቭሰን በኦገስት 2021 ቶኪዮ ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ አጠለቀ፣ በማግስቱ ወር ከደብሊውደብሊውኢ ጋር ውል ፈረመ፣ ከዚያም ውሉን እንደያዘ ለሚኒሶታ መታገሉን ቀጥሎ በማርች 2022 የአገሪቱ የኮሌጅ ሻምፒዮን ሆነ። (ደብሊውደብሊውኢ በአገራችን ቴሌቪዥን «ሬስሊንግ» እየተባለ የሚታየው ትርዒት ነው፤ ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ግን በዳኛና በነጥብ የሚካሄደውን የኮሌጅ ትግል ነው። የተጠቀሱት ዓመታትም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በእነዚህ ሁለት ታጋዮች መካከል የተለወጠው ደንቡ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጆቻቸው በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚታገሉላቸው ወላጆች፣ ከእነዚህም መካከል በሚኒሶታ፣ በኦሃዮና በኮሎራዶ የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ «አሁን እኮ ኮሌጅ ለታጋይ ይከፍላል» ሲባል ይሰማሉ። ወሬው ሐሰት ባይሆንም ዋናውን ነገር ይደብቃል። ታጋይ የሚያገኘው ገንዘብ ትግል ራሱ ካስገባው ገቢ የሚመነጭበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው የሚመጣው ከአሜሪካ እግር ኳስ (ኳሱን በእጅ ይዘው ከሚሮጡበት ጨዋታ) ከተረፈው ድርሻና ትግልን አጥብቀው ከሚወዱ ባለሀብቶች ኪስ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ለምን አንዱ ታጋይ ጠቀም ያለ ገንዘብ እንደሚያገኝና እኩያው ግን የመጽሐፍ መግዣ እንኳ እንደሚያጣ ሊገባው አይችልም።

ነገሩን ከስኮላርሺፕ መጀመር ይሻላል፤ ምክንያቱም ለረጅም ዓመታት የታጋይ ክፍያ ማለት እሱ ብቻ ነበር። በከፍተኛው እርከን፣ ማለትም በዲቪዚዮን አንድ፣ ትግል ከ125 እስከ 285 ፓውንድ ባሉ 10 የክብደት ምድቦች ይካሄዳል፤ ስለዚህ በአንድ ግጥሚያ አንድ ዩኒቨርሲቲ 10 ታጋዮችን ያሰልፋል። ደንቡ ግን ለአንድ ቡድን የሚፈቅደው 9.9 ስኮላርሺፕ ነበር። ለተሰላፊዎቹ እንኳ አንድ ዐሥረኛ ይጎድላል ማለት ነው። በልምምድ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ሠላሳና ከዚያ በላይ ልጆች አሉ። በመሆኑም አሠልጣኙ ያችኑ 9.9 እየሸነሸነ ለአንዱ ሰባ በመቶ፣ ለሌላው ሃያ አምስት በመቶ፣ ለብዙዎቹ ደግሞ ምንም ሳይሰጥ ያድር ነበር። ሙሉ ስኮላርሺፕ አግኝቷል ተብሎ በሠፈር የሚወራለት ልጅ ብዙውን ጊዜ ወላጆቹ ግማሹን የትምህርት ክፍያ በብድር የሚሸፍኑለት ልጅ ነበር። የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን በዚያው ዘመን 85 ሙሉ ስኮላርሺፕ ነበረው፤ ስለዚህ ልዩነቱ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም።

በዚህ ጥብቅ ዘመን አንድ አስገራሚ ቀዳዳ ነበር። ማኅበሩ ለኦሎምፒክ ሜዳሊያ የሚሰጥ ሽልማትን ይፈቅድ ስለነበር የኦሃዮ ስቴቱ ካይል ስናይደር በ2016 ሪዮ ላይ ወርቅ ሲያገኝ በአገሪቱ የትግል ፌዴሬሽን በኩል ለወርቅ ሜዳሊያ የተመደበውን 250,000 ዶላር ተቀብሎ ለዩኒቨርሲቲው መታገሉን ቀጠለ። ይኸው ሰው በስሙ የታተመ ካናቴራ ቢሸጥ ኖሮ ይቀጣ ነበር። እንዲህ ያለውን ደንብ በዳኛ ፊት በመርህ ማስረዳት አስቸጋሪ ነው፤ ፍርድ ቤቶችም ቆይተው የጠየቁት ይህንኑ ነው።

በጁን 21 ቀን 2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ፣ ኤንሲኤኤ ከትምህርት ጋር የተያያዙ ጥቅማ ጥቅሞችን መገደቡ የገበያ ውድድርን የሚከለክል ሕገ ወጥ አሠራር ነው ሲሉ በአልስተን መዝገብ ወሰኑ። የውሳኔው ቀጥተኛ ፍሬ ትንሽ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲዎች በትምህርቱ ለበረታ ስፖርተኛ በዓመት እስከ 5,980 ዶላር መሸለም ቻሉ። ትልቁ ነገር የተከተለው ድንጋጤ ነው። ማኅበሩ በዘጠኝ ዳኞች ከተረታ በኋላ የሚከላከልበት አቅም እንደሌለው ስላወቀ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ተማሪዎች በስማቸው፣ በምስላቸውና በገጽታቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ፈቀደ። ኤንአይኤል የሚባለው ይህ ነው። በዚህ ደረጃ ዩኒቨርሲቲው ራሱ አይከፍልም፤ የሚከፍሉት የጫማ ኩባንያ፣ የመኪና መሸጫ፣ በበጋ ልጆችን የሚያሠለጥን ክበብ፣ ወይም ማንኛውም የታጋዩን ስም የሚፈልግ ሰው ነው።

ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ መክፈል የጀመሩት በሌላ ክስ ምክንያት ነው። የአሪዞና ስቴት ዋናተኛ የሆነው ግራንት ሃውስና ሌሎች ስፖርተኞች በ2020 የመሠረቱት ክስ ለዓመታት ተጓትቶ በስምምነት ተቋጨ፤ የካሊፎርኒያዋ ፌዴራል ዳኛ ክላውዲያ ዊልከንም ስምምነቱን በጁን 6 ቀን 2025 አጸደቁት። ስምምነቱ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ወደ ኋላ የሚመለከት ሲሆን፣ ከ2016 ወዲህ ለተጫወቱ ስፖርተኞች በዐሥር ዓመት ውስጥ ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ካሳ እንዲከፈል ያዛል። ሁለተኛው ወደ ፊት የሚመለከት ነው፤ ከጁላይ 1 ቀን 2025 አንሥቶ ስምምነቱን የተቀበለ ዩኒቨርሲቲ ለስፖርተኞቹ ከገቢው ሊያካፍል ይችላል፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያም 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። «ሊያካፍል ይችላል» የሚለውን ልብ ይሏል። ጣሪያ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። ጣሪያውን የሚሞሉትም በቴሌቪዥን ውል የከበሩት ጥቂት ደርዘን ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው።

አሁን ሃያ ሚሊዮኑን ይዘን ወደ ትግል ክፍሉ እንውረድ። ካሳው የተሰላበት ቀመር በግምት ሰባ አምስት በመቶውን ለአሜሪካ እግር ኳስ፣ ዐሥራ አምስቱን ለወንዶች ቅርጫት ኳስ፣ አምስቱን ለሴቶች ቅርጫት ኳስ የሰጠ ሲሆን፣ ለቀሩት ስፖርቶች በሙሉ የተረፈው አምስት በመቶ ነው። ብዙ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ዓመታዊውን ክፍፍልም ከዚሁ ጋር አቀራርበው ሠርተውታል። የ20.5 ሚሊዮን አምስት በመቶ 1,025,000 ዶላር ይሆናል። ዩኒቨርሲቲው ከሦስቱ ሌላ ዐሥራ አምስት ስፖርቶች አሉት፣ እኩልም ይካፈላሉ ብንል ለትግል የሚደርሰው ወደ 68,000 ዶላር ነው። ይህን ለዐሥሩ ተሰላፊዎች ብናከፋፍል ለአንዱ በዓመት ሰባት ሺሕ ዶላር እንኳ አይሞላም፤ ለሠላሳው የቡድኑ አባላት ብናደርገው ደግሞ 2,300 ዶላር ገደማ ይሆናል። በተግባር ግን እኩል የሚያካፍል የለም። ትግል እንደ ባህል በሚታይባቸው በፔን ስቴት፣ በአይዋና በኦክላሆማ ስቴት የትግል ድርሻ ከዚህ እንደሚበልጥ መገመት አያስቸግርም፤ ትግል በስም ብቻ ባለበት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ድርሻው ዜሮ ሊሆን ይችላል። ዩኒቨርሲቲዎቹ ዝርዝሩን በአብዛኛው ይፋ ስለማያደርጉ በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚጠቀሱ ቁጥሮች በጥርጣሬ ቢታዩ ይበጃል።

አንዳንዶች «ትግልም እኮ ስታዲየም ይሞላል» ብለው ይሞግታሉ። በከፊል እውነት አላቸው። በኖቬምበር 2015 አይዋና ኦክላሆማ ስቴት በኪኒክ የእግር ኳስ ስታዲየም ሜዳ መካከል ምንጣፍ አንጥፈው ሲገጥሙ 42,287 ሰው ተገኝቷል። የአይዋ የትግል ቡድን በካርቨር ሆክአይ አዳራሽ የሚያደርጋቸው ግጥሚያዎችም ትኬታቸው አስቀድሞ የሚያልቅ ነው። ነገር ግን ሚሊዮኖቹን የሚያመጣው የትኬት ሽያጭ ሳይሆን የቴሌቪዥን ውል ነው፤ የቴሌቪዥን ውል ደግሞ የሚፈረመው ለአሜሪካ እግር ኳስና ለቅርጫት ኳስ ሲባል ነው። ከሁለቱ ሀብታም ሊጎች አንዱ የሆነው ኤስኢሲ የትግል ውድድር ጭራሽ የለውም፤ ከአባላቱ ትግል ያላቸው ሚዙሪና ኦክላሆማ ሲሆኑ እነርሱም ለትግል ቢግ ትዌልቭ ወደሚባለው ሌላ ሊግ ሄደው ይወዳደራሉ። ሁለተኛው ሀብታም ሊግ ቢግ ቴን ግን ከ18 አባላቱ 14ቱ የትግል ቡድን ስላላቸው የኮሌጅ ትግል ማዕከል ሆኗል። በዚህ ምክንያት አንድ ታጋይ የሚያገኘውን ክፍያ ከችሎታው እኩል የሚወስነው የሚማርበት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ያለበት ሊግ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የስምምነቱ ሌላ ገጽታ፣ በእኔ ግምት ለትግል ከክፍያው የበለጠ ክብደት ያለው፣ የስኮላርሺፕ ገደብ ተነሥቶ የቡድን አባላት ቁጥር ገደብ መተካቱ ነው። የድሮው 9.9 ቀርቷል፤ ስምምነቱን የተቀበለ ዩኒቨርሲቲ ከፈለገ ለሁሉም ታጋዮቹ ሙሉ ስኮላርሺፕ መስጠት ይችላል፤ ሆኖም ቡድኑ ከ30 ታጋይ መብለጥ አይችልም። ለወላጅ ጆሮ የመጀመሪያው ግማሽ የምሥራች ነው። ሁለተኛው ግማሽ ግን ስንቱን ልጅ ከበር መልሷል። ትግል በተፈጥሮው ብዙ ሰው የሚፈልግ ስፖርት ነው፤ የ125 ፓውንዱ ልጅ ከ285 ፓውንዱ ጋር ሊለማመድ አይችልምና በየክብደቱ ተቀራራቢ ተፎካካሪ ያስፈልጋል። ሠላሳ ለዐሥር ሲካፈል በየምድቡ ሦስት ሰው ነው፤ አንዱ ትከሻው ቢወልቅ፣ ሌላው ገና አንደኛ ዓመት ሆኖ ለውድድር ባይደርስ፣ የቀረው ከማን ጋር ይለማመዳል? ያለ ምንም ስኮላርሺፕ ገብተው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ተሰላፊ የሚሆኑ፣ አሠልጣኞች ከማንም በላይ የሚኮሩባቸው ልጆች መግቢያ በራቸው የተዘጋው እዚህ ላይ ነው። ዳኛ ዊልከን ራሳቸው በኤፕሪል 2025 ስምምነቱን ወዲያው ሳያጸድቁ የቆዩት በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ በኋላ በገደቡ ሳቢያ ቦታቸውን ያጡ ስፖርተኞች ከቁጥሩ ውጭ ሆነው እንዲቀጥሉ የሚያስችል አንቀጽ ገብቷል። አንቀጹ ግን የሚጠቅመው ያኔ የነበሩትን ብቻ ነው እንጂ ነገ የሚመጡትን አይደለም።

ሙሉ ስኮላርሺፕም ቢሆን ከሰማይ አይወርድም። አዲስ የተጨመረ ስኮላርሺፕ፣ ለሁሉም ስፖርቶች በድምሩ እስከ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ፣ ከ20.5 ሚሊዮኑ ጣሪያ ላይ ይቀነሳል። አንድ ዩኒቨርሲቲ ትግልን ከ9.9 ወደ 30 ስኮላርሺፕ ቢያሳድግና አንዱ በዓመት 50,000 ዶላር ያወጣል ብንል፣ ጭማሪው 20.1 ሲባዛ በ50,000፣ ማለትም 1,005,000 ዶላር ነው። ከላይ ለሌሎች ስፖርቶች ሁሉ ተረፈ ካልነው አምስት በመቶ ጋር እኩል ሊባል የሚችል ገንዘብ ነው። ስለዚህ አሠልጣኝ ለወላጅ «ስኮላርሺፑንም ጥሬ ገንዘቡንም እንሰጠዋለን» ሲል ሁለቱም የሚወጡት ከአንድ ካዝና መሆኑን ማወቅ ተገቢ ነው፤ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል።

ታዲያ ስለ ትልልቅ ክፍያዎች የምንሰማው ከየት የመጣ ነው? መልሱ ለጋሾች ናቸው። የኮሌጅ ትግል ከብዙ ስፖርቶች የሚለየው ተመልካቹ ጥቂት፣ ፍቅሩ ግን ብርቱ በመሆኑ ነው፤ በወጣትነታቸው ታግለው በኋላ በንግድ የበለጸጉ ሰዎች ለስፖርቱ እጃቸውን ይዘረጋሉ። ይህ ልማድ ከኤንአይኤል በፊትም ነበር። በየትልልቁ ዩኒቨርሲቲ አቅራቢያ ክልላዊ የሥልጠና ማዕከል የሚባሉ፣ በስጦታ የሚተዳደሩ ክበቦች አሉ፤ በፔን ስቴት ኒታኒ ላየን፣ በአይዋ ሆክአይ የሚባሉት ክበቦች የታወቁ ናቸው። ከኮሌጅ የተመረቁ ታጋዮች በእነዚህ ክበቦች እየተከፈላቸው ለኦሎምፒክ ይዘጋጃሉ፤ ተማሪዎቹም ከእነርሱ ጋር ይለማመዳሉ። ጎበዝ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲመርጥ ከገንዘቡ ይልቅ በየቀኑ ከማን ጋር እንደሚታገል ይመለከታል፤ የዓለም ሻምፒዮን በልምምድ ክፍሉ ካለ እሱ ራሱ ክፍያ ነው። ፔን ስቴት በኬል ሳንደርሰን እየተመራ ከ2011 እስከ 2025 ከተካሄዱት 14 ሻምፒዮናዎች 12ቱን ያሸነፈ ሲሆን፣ አብዛኛውን ድል ያገኘው ለታጋይ መክፈል ክልክል በነበረበት ጊዜ ነው። ስለዚህ «ሻምፒዮናውን ገዙት» የሚለው ክስ ከዘመኑ ጋር አይገጥምም።

ከ2021 በኋላ ለጋሾች ገንዘባቸውን አሰባስበው ለስፖርተኞች በኤንአይኤል ስም የሚከፍሉ ድርጅቶችን አቋቋሙ። በስም ማስታወቂያ ቢባልም ብዙው ክፍያ በእርግጥ የምልመላ ገንዘብ ነበር። በዚሁ ላይ ኤንሲኤኤ በ2024 ተማሪ ያለ ቅጣት ደጋግሞ ዩኒቨርሲቲ እንዲቀይር ፈቀደ፤ በየዓመቱ የትግሉ ወቅት እንዳለቀ የዝውውር ገበያ መሟሟቅ የጀመረው በዚህ የተነሣ ነው። አዲሱ ስምምነት ይህን ልጓም ለማስያዝ የኮሌጅ ስፖርት ኮሚሽን የሚባል አካል ፈጥሯል። ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ከሆነ ወገን የሚገኝ፣ በድምሩ ከ600 ዶላር የሚበልጥ ማንኛውም ውል ዲሎይት በተባለው የሒሳብ ድርጅት በተዘጋጀ ሥርዓት ላይ መመዝገብ አለበት። የሚመረመረውም ከፋዩ ለዩኒቨርሲቲው የቀረበ ለጋሽ ነው ወይ፣ ውሉ ትክክለኛ የንግድ ዓላማ አለው ወይ፣ ዋጋውስ ከገበያው ጋር ይቀራረባል ወይ የሚለው ነው። አንድ ጫማ ሻጭ ለአንድ ታጋይ ፎቶ አምስት ሺሕ ዶላር ቢከፍል የሚያስረዳው አያጣም፤ አንድ ባለሀብት ለአንድ የበጋ ሥልጠና ሁለት መቶ ሺሕ ከፈልሁ ቢል ግን ጥያቄ ይነሣበታል። ቁጥጥሩ ይጸናል ወይ የሚለው ገና በክርክር ላይ ያለ ጉዳይ ነው። ጣሪያ ባለበት ቦታ ሁሉ ባለጸጋ ቀዳዳ ይፈልጋልና እኔ በበኩሌ ብዙ ተስፋ አላደርግም።

ከዚህ ሥርዓት ውጭ የቀሩም አሉ። አይቪ ሊግ የሚባሉት ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች ድሮም ቢሆን የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም፤ በ2025 መጀመሪያም ገቢ አናካፍልም ብለው ወስነዋል። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ኮርኔል ግን በትግል ከአገሪቱ ምርጥ ቡድኖች ጋር ይሰለፋል፤ ያኒ ዲያኮሚሃሊስ አራት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው እዚያ ነው። በኮርኔል የገንዘብ እርዳታ የሚሰጠው በቤተሰብ ገቢ መጠን ስለሆነ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ ከአንዳንድ የስፖርት ስኮላርሺፕ የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ወላጆች ይህን ሳያሰሉ ያልፉታል።

በሌላው ጫፍ ያሉት ደግሞ ቡድናቸውን ለማቆየት የሚታገሉ ናቸው። በዲቪዚዮን አንድ ዛሬ ያሉት የወንዶች የትግል ቡድኖች ወደ 80 ገደማ ናቸው፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከዚህ እጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም ነበር። ክሊቭላንድ ስቴት በጃንዋሪ 2025 ትግልን ከሌሎች ሁለት ስፖርቶች ጋር ሰርዟል። ስታንፎርድ፣ ያ ሁሉ ሀብት እያለው፣ በ2020 ትግልን ጨምሮ 11 ስፖርቶችን እንደሚዘጋ አስታውቆ ነበር። በማርች 2021 የስታንፎርዱ ሼን ግሪፊዝ የዩኒቨርሲቲው ስም የሌለበት ጥቁር የትግል ልብስ ለብሶ የ165 ፓውንድ ሻምፒዮን ሆነ፤ የቀድሞ ታጋዮችም ገንዘብ ለማዋጣት ቃል ገቡ፤ ዩኒቨርሲቲው በሜይ ውሳኔውን ሻረ። ትግሉን ያተረፈው የታጋዩ ድል ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ የለጋሾቹ ቃል ባይኖር ኖሮ ድሉ ብቻውን ይበቃ እንደነበር ግን እጠራጠራለሁ።

የሴቶች ትግል በተቃራኒው እያደገ ነው። ኤንሲኤኤ በጃንዋሪ 2025 የሴቶች ትግልን 91ኛው የሻምፒዮና ስፖርቱ አድርጎ ተቀብሎታል፤ አይዋም ከትልልቆቹ ሊጎች የመጀመሪያውን የሴቶች ቡድን አቋቁሟል። ከዚህ በስተጀርባ ስፖርታዊ ፍቅር ብቻ ሳይሆን ሕግም አለ። ታይትል ናይን የተባለው የ1972 ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በጾታ እንዳያዳላ ስለሚያዝ፣ ከ100 በላይ ወንዶችን የያዘ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ያለው ዩኒቨርሲቲ በሌላው ወገን ሴቶችን መጨመር ይኖርበታል። ለወንዶች ትግል መክሰም ይህን ሕግ የሚወቅሱ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን የገንዘቡን መዝገብ ገልጦ ላየ ሰው ቦታውን የያዘው እግር ኳሱ ነው። ይኸው ሕግ የክፍያውን ክፍፍልም ይነካ እንደሆነ እስካሁን አልለየለትም። የባይደን አስተዳደር በጃንዋሪ 2025 ይነካል የሚል መመሪያ አወጣ፤ የትራምፕ አስተዳደር በቀጣዩ ወር ሰረዘው፤ ስምንት ሴት ስፖርተኞችም ካሳው በአብዛኛው ለወንዶች መሄዱን በመቃወም ይግባኝ ብለዋል።

ገንዘቡ ቤት ሲገባ ስለሚሆነው ነገር ጥቂት እንበል። ታጋዮች በሕግ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች ተብለው ስላልተቆጠሩ የሚከፈላቸው ገንዘብ ደመወዝ አይባልም፤ ታክስም አስቀድሞ አይቆረጥለትም። በዓመቱ መጨረሻ የተከፈለውን ገንዘብ ለግብር የሚያሳውቀው 1099 የተባለው ቅጽ ይመጣል። ተማሪው እንደ ግል ሠሪ ከታየ ከመደበኛው የገቢ ግብር በተጨማሪ 15.3 በመቶ ሊጠየቅ ይችላል፤ በየሩብ ዓመቱ ቅድሚያ መክፈልም ሊኖርበት ይችላል። ሃያ ሺሕ ዶላር ተቀብሎ መኪና የገዛ የሃያ ዓመት ልጅ በኤፕሪል የሚደነግጠው በዚህ ነው። ከስኮላርሺፑም ለትምህርት ክፍያና ለመጽሐፍ የዋለው ከግብር ነፃ ሲሆን ለማደሪያና ለምግብ የዋለው ግን ግብር አለበት። ገቢው ፋፍሳ በተባለው የፌዴራል የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ ላይ ስለሚታይም በችግረኝነት የሚሰጥ እርዳታ ሊቀንስ ይችላል።

ዜግነት የሌላቸውና ግሪን ካርድ ያልያዙ፣ በኤፍ 1 የተማሪ ቪዛ የገቡ ስፖርተኞች ጉዳይ ደግሞ ለብቻው የሚታይ ነው። ይህ ከታጋዮች ይልቅ ከኢትዮጵያና ከጎረቤት አገሮች በስኮላርሺፕ የሚመጡ ሯጮችን ይመለከታል። ቪዛው ከግቢ ውጭ መሥራትን በጥብቅ ስለሚገድብ በአሜሪካ ምድር ማስታወቂያ ሠርቶ መከፈል ቪዛውን ራሱን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። የቡድን ጓደኛ ስለፈረመ ብቻ መፈረም አይገባም፤ አስቀድሞ የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮና የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር ያስፈልጋል።

ለሌሎቹ ደግሞ ጥንቃቄው ውሉ ላይ ነው። የገቢ ክፍፍል ውል ብዙውን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው በታጋዩ ስምና ምስል እንዲጠቀም ፈቃድ የሚሰጥ ሰነድ ሆኖ ነው የሚጻፈው፤ በመሆኑም ፈቃዱ ለስንት ዓመት እንደሆነና ከጫማ ኩባንያ ጋር የተለየ ውል መፈረምን ይከለክል እንደሆነ ማየት ይገባል። ክፍያው በየወሩ ነው ወይስ በወቅቱ መጨረሻ? ልጁ ጉልበቱን ቢጎዳ ይቀጥላል ወይ? ከ149 ወደ 157 ፓውንድ ወጥቶ የተሰላፊነቱን ቦታ ቢያጣስ? ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ቢዛወር የሚመልሰው ገንዘብ አለ ወይ? አሠልጣኙ በቃል «አታስቡ» ያለው ነገር በውሉ ላይ በጽሑፍ መስፈር አለበት፤ አሠልጣኞችም እንደ ታጋዮቹ ዩኒቨርሲቲ ይቀይራሉና፣ የሚተካው ሰው የሚያውቀው የተጻፈውን ብቻ ነው።